የሚመክር እንጂ የማይፈታ ጉባኤ፦ ኤክስ በዩናይትድ ኪንግደም ላይ ያቀረበው አቤቱታ

ይህ የጉዳይ ጥናት በስትራስቡርግ የሚገኘው የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 5 ቀን 1981 ፍርድ የሰጠበትንና በመዝገቡ ላይ «ኤክስ በዩናይትድ ኪንግደም ላይ» ተብሎ የሰፈረውን ክርክር የሚመለከት ነው። የአመልካቹ ስም እንዳይገለጽ ስለተደረገ በፊደል ብቻ ይታወቃል፤ እኔም ኤክስ እያልኩ እቀጥላለሁ። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ቀኖች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ስለዚህ መዝገብ የሚሰማ ሰው በመጀመሪያ የሚጠይቀው «ለመሆኑ ሰውየው ታሞ ነበር ወይስ አልታመመም?» ብሎ ነው። የክርክሩ ጭብጥ ግን ከዚያ አንድ ደረጃ ቀደም ይላል። አንድ ሰው የአእምሮ ሕመምተኛ ነህ ተብሎ ከፈቃዱ ውጭ በሆስፒታል ሲዘጋበት፣ «አልታመምኩም» ወይም «ታምሜ ነበር፣ አሁን ግን ድኛለሁ» ቢል፣ ይህን ቃሉን ሰምቶ፣ የሐኪሞቹን ማስረጃ መዝኖ፣ ትክክል ሆኖ ሲያገኘው በሩን ማስከፈት የሚችል ነፃ ዳኛ ሊኖረው ይገባል ወይ የሚል ነው።

ከወንጀል ችሎት ወደ ብሮድሙር

ኤክስ በ1968 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ በተሰየመ የወንጀል ችሎት ፊት ቀርቦ፣ ከባድ ጉዳት ለማድረስ አስቦ የሥራ ባልደረባውን በማቁሰል ጥፋተኛ ተባለ። ከዚያ በፊትም በአእምሮ ሕመም ሆስፒታል ገብቶ የታከመ ሰው ነበር። ችሎቱ የእስራት ቅጣት አልወሰነበትም፤ በጊዜው ይሠራበት በነበረው የ1959 የአእምሮ ጤና ሕግ አንቀጽ 60 መሠረት ሆስፒታል እንዲገባ አዘዘ፣ በአንቀጽ 65 መሠረት ደግሞ የጊዜ ወሰን ያልተቆረጠለት የገደብ ትእዛዝ ጨመረበት። በኋላ የመጣው ችግር ሁሉ ከእነዚህ ሁለት አንቀጾች አብሮ መኖር የተወለደ ስለሆነ ጥቂት ላብራራቸው።

አንቀጽ 60 ለወንጀል ችሎቱ የሁለት ሐኪሞችን ማስረጃ ተቀብሎ ጥፋተኛውን ከወህኒ ቤት ይልቅ ወደ ሆስፒታል የመላክ ሥልጣን ይሰጠው ነበር። ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ኖሮ ኤክስ በሕግ ዐይን ከሌላው ታካሚ ብዙም ባልተለየ ነበር፤ የሚያክመው ሐኪም በቃህ ብሎ ሊያሰናብተው፣ ወይም የአእምሮ ጤና ጉዳዮች ገምጋሚ ጉባኤ፣ በአገሩ አጠራር ትሪቡናል የሚባለው አካል፣ ጉዳዩን መርምሮ እንዲለቀቅ ሊያዝ ይችል ነበር። ይህ ጉባኤ በዚያው በ1959 ሕግ የተቋቋመ፣ የሕግ ሰውና ሐኪም አብረው የሚቀመጡበት፣ ለብዙው ታካሚ የመልቀቅ ትእዛዝ የመስጠት ሙሉ ሥልጣን የነበረው አካል ነው። አንቀጽ 65 ግን ሁለቱንም በሮች ይዘጋል። የገደብ ትእዛዝ የተጣለበትን ታካሚ ሐኪሙ ያለ አገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ፈቃድ ሊያሰናብተው አይችልም፤ ጉባኤውም ታካሚውን አነጋግሮ፣ ሰነዱን አገላብጦ የደረሰበትን ሐሳብ በምክር መልክ ለሚኒስትሩ ከመላክ ያለፈ ሥልጣን የለውም። ሚኒስትሩ ምክሩን ሊቀበለውም ሊተወውም ይችላል። አንድ ዓይነት ሰዎች፣ በአንድ ዓይነት ጠረጴዛ ዙሪያ፣ አንድ ዓይነት ማስረጃ ሰምተው ሲያበቁ፣ ከፊታቸው በተቀመጠው ታካሚ መዝገብ ላይ የገደብ ትእዛዝ መኖር አለመኖሩ ብቻ ዳኛ ወይም አማካሪ ያደርጋቸው ነበር ማለት ነው።

ኤክስ በዚህ ትእዛዝ ብሮድሙር ገባ። ብሮድሙር በበርክሻየር አውራጃ፣ ክሮውቶርን በሚባል ስፍራ በ1863 የተከፈተና ለሌሎች አደገኛ ናቸው የተባሉ ሕሙማን በጥብቅ ጥበቃ ሥር የሚታከሙበት ሆስፒታል ነው። ሜይ 19 ቀን 1971 ሚኒስትሩ በቅድመ ሁኔታ ለቀቀው። ከባለቤቱ ጋር በቤቱ እንዲኖር፣ የአመክሮ ተቆጣጣሪ እንዲከታተለው፣ በተመላላሽ ታካሚነትም የአእምሮ ሐኪም ዘንድ እንዲቀርብ ተወስኖ ነበር። ኤክስ ወደ ሼፊልድ ተመልሶ ሥራ ያዘ፤ ሦስት ዓመት ያህልም ከቤተሰቡ ጋር ኖረ። በእነዚህ ዓመታት ሁሉ ግን በቅድመ ሁኔታ የተለቀቀን ሰው ሚኒስትሩ በማንኛውም ጊዜ በማዘዣ መልሶ ማስገባት እንደሚችል የሚደነግገው የሕጉ ክፍል ከጎኑ አልተለየም።

ያ ዓርብ

ኤፕሪል 5 ቀን 1974 ዓርብ ነበር። የኤክስ ባለቤት የአመክሮ ተቆጣጣሪውን አግኝታ፣ ባሏ ከውጭ ለሚያየው የዳነ ቢመስልም እንዳልዳነ፣ ከእውነት የራቀ ነገር አምኖ እንደሚይዝ፣ እንደሚዝትባት፣ ጸያፍ ስድብ እንደሚሰድባትና በወንድ እንደሚጠረጥራት፣ ስለዚህም ትታው ለመሄድ እንደቆረጠች ነገረችው። ተቆጣጣሪው የሰማውን ለብሮድሙር ኃላፊ ሐኪም አሳወቀ። ሐኪሙ የኤክስን የቀድሞ ታሪክ ያውቃል፤ ሚስቱ ጥላው መሄዷን ባወቀ ጊዜ ምን ሊያደርግ ይችላል የሚለው ሐሳብ ስላስጨነቀው ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስቴር አመለከተ። በዚያው ቀን የሚኒስትሩ ማዘዣ ወጣ። ኤክስ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲመለስ ፖሊሶች ያዙት፤ ያ ቀን ሳያልፍም ብሮድሙር ገባ።

የነገሩን አካሄድ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። ቃሉ ከሚስት ወደ ተቆጣጣሪ፣ ከተቆጣጣሪ ወደ ሐኪም፣ ከሐኪም ወደ ሚኒስቴር ሲሸጋገር ከተቀባዮቹ ማንም ቢሆን ኤክስን ጠርቶ «እንዲህ ይባላል፣ አንተስ ምን ትላለህ?» አላለውም። ከመያዙ በፊት የመረመረው ሐኪምም የለም። በ1968 ሆስፒታል ሲገባ የሁለት ሐኪሞች ማስረጃና የአንድ ችሎት ውሳኔ አስፈልጎ ነበር፤ በ1974 ሲመለስ ግን አንድ ሐኪም በሦስተኛ ሰው በኩል የደረሰውን ወሬ ይዞ የሰጠው አስተያየትና አንድ ማዘዣ በቂ ሆኑ።

እዚህ ላይ ለሚስትየው ፍትሐዊ መሆን ይገባል። ቤት ውስጥ የሚሆነውን የምታውቀው እርሷ ናት፤ ከዚህ ቀደም ሰው አቁስሎ ከተፈረደበት ባል ጋር እየኖሩ ዛቻ መስማት ምን ያህል እንደሚያስፈራ ለመገመት አያዳግትም። ሐኪሙም ቢሆን ዓርብ ማታ አንዲት ሴት ብትገደል ሰኞ ጠዋት መልስ ሊሰጥ የሚችል አልነበረም። እኔን የሚያሳዝነኝ የተፈጠረው ፍርሃት አይደለም፤ በዚያ ፍርሃትና በብሮድሙር መካከል አንድም መቆሚያ ደረጃ ያለመኖሩ ነው። ሰውየውን በዚያው ሳምንት ለተመላላሽ ሕክምና ሐኪሙ ማሳየት፣ ሚስትየውን ወደ ዘመዶቿ አሽሽቶ ነገሩን ማጣራት፣ እንዲህ ያለ ነገር በመዝገቡ ውስጥ ተሞክሮ አይገኝም።

ፍርድ ቤቱ ሊጠይቀው ያልቻለው ጥያቄ

ኤክስ ጠበቃ ይዞ ወዲያው አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ አቀረበ። ይህ አቤቱታ በእንግሊዝ ሕግ ከጥንት ጀምሮ የሰውን ነፃነት ከሹማምንት እጅ ሲያድን የኖረ፣ አገሬው የሚመካበት መሣሪያ ነው። አቤቱታው ጁን 21 ቀን 1974፣ ከተያዘበት ቀን ልክ 11 ሳምንት በኋላ ተሰምቶ ውድቅ ሆነ።

ለምን ውድቅ እንደሆነ መረዳት የዚህ ጉዳይ ቁልፍ ስለሆነ ቀስ ብለን እንየው። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ የቀረበለት ፍርድ ቤት የሚመረምረው እስሩ ሕጉ ባስቀመጠው ሥርዓት መሠረት መፈጸሙን ነው። ማዘዣ አለ ወይ? ያወጣው ሰው ሥልጣን ነበረው ወይ? ሥልጣኑን የተጠቀመው በቅን ልቦና ነው ወይ? ሕጉ ለአንድ ሹም ፈቃደ ሥልጣን ሲሰጥ፣ ሹሙ በዚህ ሥልጣን የደረሰበት ውሳኔ በፍሬ ነገሩ ልክ ነው ወይስ አይደለም ወደሚለው ጥያቄ ፍርድ ቤቱ አይገባም። የ1959 ሕግ ደግሞ ሚኒስትሩ «በማንኛውም ጊዜ» መልሶ ማስገባት እንደሚችል ከመናገር በቀር፣ መልሶ ለማስገባት ምን መሟላት እንዳለበት አልዘረዘረም። ዝርዝር በሌለበት የሚጣስ ነገር የለም። መንግሥት ማዘዣውንና የሐኪሙን ቃለ መሐላ አቀረበ፤ በወረቀቱ ላይ የጎደለ ነገር ስላልተገኘ እስሩ ሕጋዊ ተባለ። ኤክስ ኤፕሪል 5 ቀን በእርግጥ ታሞ ነበር ወይ፣ ጁን 21 ቀንስ ታሟል ወይ የሚለውን ግን ማንም ዳኛ አልመረመረም፤ ሕጉ እንዲመረምር አላደረገውምና።

ገምጋሚው ጉባኤስ? ጉባኤው ይህንኑ ጥያቄ ለመመርመር የተቋቋመ፣ ከአባላቱም ሐኪም ያለው ነው። ነገር ግን መልሶ የገባ ታካሚ ጉዳዩ ወደ ጉባኤው እንዲመራለት መጠየቅ የሚችለው ወራት ካለፉ በኋላ ነበር፤ ተመርቶም ቢሆን ከላይ እንደተባለው የሚያገኘው ምክር ነው፣ ያም ምክር የሚሄደው በማዘዣ ወዳሳሰረው ወደዚያው ሚኒስትር ነው። በዚህም የተነሣ አንዱ አካል ትእዛዝ የመስጠት ኃይል እያለው ፍሬ ነገሩን መጠየቅ አይችልም፤ ሌላው ፍሬ ነገሩን መጠየቅ እየቻለ ትእዛዝ መስጠት አይችልም። ኤክስ በሁለቱ መካከል ወደቀ።

ሌላም ችግር ነበረበት። ለምን እንደተያዘ ለእርሱም ሆነ ለጠበቃው በአግባቡ የተነገራቸው ነገር አልነበረም፤ ዝርዝሩ ጎልቶ የወጣው ክርክሩ ከቀጠለ በኋላ ነው። የተከሰሰበትን ያላወቀ ሰው ምን ብሎ ይከራከራል? በአእምሮ ሕመም ጉዳይ ደግሞ ይህ ድርብ መከራ ነው፤ «ለምን ያዛችሁኝ? ማን ምን አለባችሁ?» እያለ የሚጨቀጭቅ ታካሚ ጭቅጭቁ ራሱ የጥርጣሬ ሕመሙ ምልክት ተብሎ ሊጻፍበት ይችላል።

ስትራስቡርግ

ኤክስ ጁላይ 14 ቀን 1974 ለአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን አመለከተ። በዚያ ዘመን አንድ ግለሰብ በቀጥታ ፍርድ ቤቱ ዘንድ መቅረብ አይችልም ነበር፤ አቤቱታው አስቀድሞ በኮሚሽኑ ይታያል፣ ወደ ፍርድ ቤቱ የሚሄደውም ከዚያ በኋላ ነው። መንገዱ ረጅም ነበር። ኤክስ በዚህ መካከል፣ በ1976፣ እንደገና በቅድመ ሁኔታ ከብሮድሙር ወጣ፤ በጃንዋሪ 1979 ደግሞ ሞተ። ክርክሩ ከእርሱ በኋላ ቀጥሎ ፍርዱ ሲነበብ አቤቱታው ከገባ ከ7 ዓመት በላይ አልፎ ነበር። ይህን መዝገብ ባነበብኩ ቁጥር እዚህ ቦታ ላይ እቆማለሁ፤ ስለ ነፃነቱ የተጻፈውን ፍርድ ሳያይ ያለፈ ሰው ነው።

የክርክሩ መሠረት የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ስምምነት አንቀጽ 5 ነበር። የአንቀጹ የመጀመሪያ ንኡስ አንቀጽ የሰው ነፃነት ሊገደብ የሚችልባቸውን ሁኔታዎች ሲዘረዝር የአእምሮ ሕመምተኛን መያዝም ከእነርሱ አንዱ ነው፤ ሁለተኛው፣ የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ በአፋጣኝ እንዲነገረው ያዛል፤ አራተኛው ደግሞ፣ ነፃነቱን ያጣ ማንኛውም ሰው የእስሩ ሕጋዊነት በአፋጣኝ በፍርድ ቤት እንዲወሰንለትና እስሩ ሕገ ወጥ ሆኖ ሲገኝ እንዲለቀቅ የማመልከት መብት ይሰጠዋል።

ፍርድ ቤቱ ከሁለት ዓመት በፊት፣ ኦክቶበር 24 ቀን 1979፣ ከኔዘርላንድስ በቀረበ ሌላ ጉዳይ አንድን ሰው በአእምሮ ሕመም ምክንያት ለማገት መሟላት ያለባቸውን ሦስት ነገሮች ወስኖ ነበር። ሕመሙ በእውነት መኖሩ በገለልተኛ የሕክምና ማስረጃ መረጋገጥ አለበት፤ የሕመሙ ዓይነት ወይም ጽናት ማገትን የሚያስገድድ መሆን አለበት፤ እገታው የሚቀጥለውም ሕመሙ እስካለ ድረስ ብቻ ነው። ከሦስቱ ለኤክስ ጉዳይ ወሳኝ የሆነው ሦስተኛው ነው። የወንጀል እስረኛ ቀኑ ተቆጥሮ ይታሰራል፤ የአእምሮ ታካሚ ግን የሚታገተው በአንድ የጤና ሁኔታ ምክንያት ስለሆነና የጤና ሁኔታ ደግሞ ስለሚለዋወጥ፣ ትናንት ልክ የነበረው እገታ ዛሬ ልክ ላይሆን ይችላል። ስለዚህ አንድ ጊዜ ሕጋዊ ነው ተብሎ የሚዘጋ መዝገብ ሊኖር አይችልም።

ፍርድ ቤቱ በመጀመሪያው ጥያቄ ለመንግሥት ፈረደ። ከመያዙ በፊት ሐኪም አለመመርመሩን ቢያውቅም፣ አስቸኳይ ሁኔታ ሲያጋጥም የሕዝብ ደኅንነት ሊቀድም እንደሚችል፣ የኤክስን የቀድሞ ታሪክ የሚያውቀው ሐኪምም ለሌሎች፣ በተለይም ለባለቤቱ፣ አደጋ አለ ብሎ ለመስጋት በቂ ምክንያት እንደነበረው ተቀበለ። ከዚያ በኋላ ለቆየበት ጊዜም የሐኪሞቹን አስተያየት የሚያጠራጥር ነገር አላገኘሁም አለ። በአስቸኳይ መያዙን በሚመለከት በፍርዱ እስማማለሁ። የሚቀጥሉትን ወራት በሚመለከት ግን ፍርድ ቤቱ ለሐኪሞቹ ያሳየው አመኔታ የበዛ ይመስለኛል፤ የእነርሱ አስተያየት ማንም ነፃ አካል ሳይፈትነው የቆየ መሆኑ ራሱ የክርክሩ እምብርት ነበርና።

በአራተኛው ንኡስ አንቀጽ ግን ፍርዱ የማያሻማና በሙሉ ድምፅ የተሰጠ ነው። አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ለአጭር ጊዜ አስቸኳይ እርምጃ ሊበቃ እንደሚችል፣ እገታው ሲቀጥል ግን እንደማይበቃ ተናገረ፤ ምክንያቱም አቤቱታው ሰውየው አሁንም ታሟል ወይ፣ እገታውስ አሁንም ለሕዝብ ደኅንነት ያስፈልጋል ወይ ወደሚለው ፍሬ ነገር አይደርስም። መንግሥት ሌሎች አራት መንገዶችም አሉ ብሎ ተከራክሮ ነበር፦ ሐኪሙ ይለቀቅ ብሎ ሐሳብ ሊያቀርብ ይችላል፣ የፓርላማ አባል ሚኒስትሩን ሊያነጋግርለት ይችላል፣ ታካሚው ራሱ ለሚኒስትሩ ሊያመለክት ይችላል፣ ጉዳዩ ለገምጋሚው ጉባኤ እንዲመራለትም ሊጠይቅ ይችላል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ነፃ ምርመራ የላቸውም፤ ያሰረውን ሰው መለመን ናቸው። አራተኛውን ፍርድ ቤቱ በጥንቃቄ አየው። ስምምነቱ «ፍርድ ቤት» ሲል የግድ ካባ የለበሰ ዳኛ የሚቀመጥበትን የተለመደውን ችሎት ማለቱ አይደለም፤ ከአስፈጻሚው ነፃ የሆነና ተገቢውን ሥርዓት የሚከተል ልዩ ጉባኤም ሊሆን ይችላል። የእንግሊዙ ጉባኤ ግን ይህን ሁሉ ያሟላል ቢባል እንኳ፣ ገደብ የተጣለባቸውን ታካሚዎች በሚመለከት የእስሩን ሕጋዊነት የመወሰንና እንዲለቀቁ የማዘዝ ሥልጣን የለውም፤ ሥራው ምክር ነው። ስለዚህ ስምምነቱ ተጥሷል።

ምክንያት ስላለመነገሩ የቀረበውን ክርክር ፍርድ ቤቱ ለብቻው መመርመር አያስፈልግም ብሎ በአራተኛው ንኡስ አንቀጽ ውስጥ አጠቃለለው። ይህ አካሄድ አያሳምነኝም። ምክንያትን ማወቅ ለክርክር መዘጋጃ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም፤ ከሥራ ሲመለስ ተይዞ ያደረ ሰው፣ ሊከራከር ቢፈልግም ባይፈልግም፣ ለምን እንደተያዘ ሊነገረው የሚገባው ሰው ስለሆነ ነው።

ፍርዱ ያመጣው ለውጥ

የእንግሊዝ ፓርላማ በ1982 ሕጉን አሻሻለ፤ ማሻሻያው በ1983 የአእምሮ ጤና ሕግ ውስጥ ተካትቶ ሴፕቴምበር 30 ቀን 1983 ሥራ ላይ ዋለ። በአዲሱ ሕግ አንቀጽ 73 ገምጋሚው ጉባኤ ገደብ የተጣለበትንም ታካሚ ያለ ቅድመ ሁኔታ ወይም በቅድመ ሁኔታ እንዲለቀቅ ማዘዝ ቻለ፤ ሚኒስትሩም ለትእዛዙ ተገዢ ሆነ። እንዲህ ያሉ ጉዳዮችን የሚመራው ሰብሳቢ በወንጀል ችሎት ልምድ ያለው ዳኛ እንዲሆን ተደረገ። መልሶ የገባ ታካሚን በሚመለከት ደግሞ አንቀጽ 75 ሚኒስትሩ ታካሚው ከገባበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ጊዜ ውስጥ ጉዳዩን ለጉባኤው እንዲመራ ያስገድደዋል። ታካሚው መጠየቅ አይጠበቅበትም። ይህ ትንሽ የሚመስል ነገር በእኔ ግምት ከሁሉም ይበልጣል፤ ሕመም የከበደበት፣ በመድኃኒት የደነዘዘ ወይም ተስፋ የቆረጠ ሰው ማመልከቻ አይጽፍምና።

አንድ ስንጥቅ ግን ሳይደፈን 18 ዓመት ቆየ። በ1983ቱ ሕግ ጉባኤው ታካሚውን የመልቀቅ ግዴታ የሚኖርበት፣ ታካሚው ለማገት የሚያበቃ ሕመም እንደሌለበት ሲያምን ነበር። የማስረዳት ሸክሙ በታጋቹ ላይ ወደቀ ማለት ነው፤ ማስረጃው አጠራጣሪ ከሆነ ጥርጣሬው የሚሠራው በእርሱ ላይ ነው። በ2001 የእንግሊዝ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሌላ የብሮድሙር ታካሚ ባቀረበው አቤቱታ ይህ አነጋገር ከስምምነቱ አንቀጽ 5 ጋር እንደማይጣጣም ገለጸ፤ ሕጉም በዚያው ዓመት ኖቬምበር ላይ በማረሚያ ትእዛዝ ተስተካከለ። ማስተካከያው በአማርኛ ሲነገር የአንዲት አፍራሽ ቃል ዝውውር ነው፦ ጉባኤው «አለመታመሙን ካመነ» ይለቀቃል የሚለው «መታመሙን ካላመነ» ይለቀቃል ሆነ። የአንድ ሰው ነፃነት በዚያች ቃል ቦታ ላይ ሊንጠለጠል ይችላል። ጠዋት የተሰሙት ሁለት ሐኪሞች ባይስማሙና ጉባኤው ከሁለቱ አንዱን ለማመን ቢቸገር፣ በፊተኛው አነጋገር ታካሚው ወደ ክፍሉ ይመለሳል፣ በኋለኛው ወደ ቤቱ ይሄዳል።

ኤክስ የተሸነፈበት ነጥብም ቢሆን በኋላ ወሰን ተበጅቶለታል። በ1994 የአውሮፓው ኮሚሽን በሌላ ታካሚ ጉዳይ፣ አስቸኳይ ሁኔታ በሌለበት ሚኒስትሩ አዲስ የሕክምና ማስረጃ ሳይዝ ሰውን ወደ ብሮድሙር መመለሱ የአንቀጽ 5ን የመጀመሪያ ንኡስ አንቀጽ እንደሚጥስ ደመደመ። በኤክስ ላይ የተፈቀደው ነገር የአስቸኳይ ጊዜ ልዩ ሁኔታ እንጂ የተለመደ አሠራር እንዳልሆነ በዚህ ግልጽ ሆነ።

ዛሬ ቢሆን

ከ2008 ጀምሮ በእንግሊዝ የገምጋሚው ጉባኤ ሥራ ወደ አጠቃላዩ የመጀመሪያ ደረጃ ትሪቡናል ተዛውሯል፤ ዌልስ የራሷን ጉባኤ ይዛ ቀጥላለች። ችሎቱ ላይ ሦስት ሰዎች ይቀመጣሉ፦ ዳኛ፣ የአእምሮ ሐኪምና በአእምሮ ጤና ወይም በማኅበራዊ ክብካቤ ልምድ ያለው ሦስተኛ አባል። ኃላፊው ሐኪም፣ ነርሷና የማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያው በጽሑፍ ሪፖርት ያቀርባሉ፤ ጠበቃው ያነባቸዋል፣ ሪፖርት አቅራቢዎቹንም በጥያቄ ይፈትናል፣ ከሆስፒታሉ ውጭ የሆነ ሐኪም ታካሚውን እንዲመረምርለት ማድረግም ይችላል። በጉባኤው ፊት ለሚከራከር ታጋች የጠበቃው ወጪ የሀብቱ መጠን ሳይታይ በመንግሥት ይሸፈናል።

የኤክስን ዓርብ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ብናስገባው መያዙ ላይቀር ይችል ነበር። በቅድመ ሁኔታ የተለቀቀን ታካሚ መልሶ የማስገባት ሥልጣን አሁንም በሚኒስትር እጅ ነው፤ ዛሬ የፍትሕ ሚኒስትሩ ይዞታል። እስከ ሜይ 5 ግን ጉዳዩ ለጉባኤው መመራት ነበረበት። ኃላፊው ሐኪም ቃለ መሐላ ልኮ ብሮድሙር መቀመጥ አይችልም፤ መጥቶ «ይህን ሰው ከተመለሰ ወዲህ ስንት ጊዜ አነጋገርከው? ምን አየህበት?» ተብሎ ይጠየቃል። የሚስትየው ስጋት ይሰማል፣ ይመዘናል፤ ምናልባት ጉባኤው ስጋቱን ተቀብሎ ኤክስ እንዲቆይ ይወስን ይሆናል፣ ምናልባትም ከቤቱ ርቆ እንዲኖርና ወደ ሚስቱ እንዳይደርስ በሚል ቅድመ ሁኔታ ይለቀው ይሆናል። ያ መካከለኛ ደረጃ በ1974 ማንም አላሰበበትም ነበር። ኤክስም በዚያው ክፍል ውስጥ፣ ከጠበቃው አጠገብ ተቀምጦ፣ ስለ እርሱ የተባለውን ሁሉ ሰምቶ በራሱ አንደበት መልስ ይሰጥ ነበር።